ቤት ለመግዛት ለሚያስቡ ቤተ ሰቦች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የሚያገናኘው ሁለት የተለያዩ አየሮችን ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ እግር ሥር፥ በ2,500 ሜትር ከፍታ ግድም ተቀምጣ ብርድና ጉም ይጎበኟታል። ኮምቦልቻ ግን ከ1,900 ሜትር ዝቅ ብላ በቦርከና ሜዳ ላይ ስለ ተዘረጋች ሙቀት አላት። ስለዚህ ብዙዎች ተራራውን ከታች ሆነው እያዩ ለመኖር በኮምቦልቻ ዳርቻ ቤት መግዛት ይመኛሉ። ምኞቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ ከእጅ ሳይወጣ ሦስት ነገር መመርመር ይገባል።

መጀመሪያ፥ በአገራችን ሕግ መሬት አይሸጥም። የ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የደነገገውን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ አጽንቶታል። የሚሸጠው በመሬቱ ላይ የተሠራው ቤት ነው። እንግዲህ ገበሬው ማሳውን በስውር ውል ቢሸጥልን፥ እርሱ የልጆቹን እንጀራ ያጣል፤ እኛም ሕግ የማይቀበለውን ወረቀት ይዘን እንቀራለን። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት ለንጉሥ እንኳ እንዳልሰጠ የምናነብ ክርስቲያኖች፥ የተቸገረውን ሰው ማሳ በርካሽ ለመውሰድ ልንሽቀዳደም አይገባንም።

ሁለተኛ፥ ውሉ በግልጥ ይሁን። አባታችን አብርሃም የመቃብሩን ቦታ በ400 ሰቅል ብር የገዛው የአገሩ ሰዎች ሁሉ እየሰሙ ነበር፤ ነቢዩ ኤርምያስም ለገዛው እርሻ ውል ጽፎ፥ አትሞ፥ ምስክር አቁሟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በሥልጣን ባለው ክፍል ፊት እንዲፈጸም ያዛል። የይዞታው ካርታ በሻጩ ስም መሆኑን፥ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከማዘጋጃ ቤቱ መጠየቅ፥ የሻጩን ባለቤት ፈቃድም በፊርማ መቀበል ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ ቦታው ራሱ ይመርመር። በደሴ ተዳፋት ላይ በክረምት መሬት ይንሸራተታል፤ በኮምቦልቻ ዝቅታ ጎርፍና ወባ ይፈራሉ። ስለዚህ ቤቱን በጥር ፀሐይ ብቻ ሳይሆን በነሐሴ ዝናብም ማየት፥ የግድግዳውን ስንጥቅ መመልከት፥ የሰፈሩን ሽማግሌዎች መጠየቅ ብልኅነት ነው። በአሸዋ ላይ የሠራው ሰው ምሳሌ ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለሥጋም ትምህርት አለው።

ይህን ሁሉ ባልና ሚስት ተመካክረው ይፈጽሙት። አዲስ ቤት ስንገባ ካህን ጠርተን ጸበል ማስረጨት መልካም ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን በድኻ እንባ የተገዛውን ቤት ጸበሉ ብቻ አያነጻውም። እግዚአብሔር በእውነት ገዝተን በሰላም የምንኖርበትን ቤት ይስጠን።