ጮቄ ላይ ማንጎ

ጮቄ አናት ላይ ማንጎ የሚተክል ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። የኛ አገር ገበሬ ፊደል ባይቆጥርም ምድሩን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብሎ ለይቶ ያውቃል። ገብሱ የት እንደሚዘራ፣ ጤፉ የት እንደሚስማማው፣ የቆላ ከብት ደጋ ሲወጣ ምን እንደሚሆን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። እኛ ግን ዲግሪ ይዘን፣ የዓለምን ዕውቀት በስልካችን ተሸክመን፣ የታይላንድ ረግረግ ዓሣ በብርጭቆ አድርገን ደብረ ማርቆስ መስኮት ላይ እናስቀምጣለን። ሲሞት ደግሞ “ዕድሜው አጭር ነው” እንላለን።

የማወራው ስለ ቤታ ነው። ያ ጅራቱ እንደ ሐር ቀሚስ የሚንሳፈፈው፣ ቀይና ሰማያዊ እየሆነ ፎቶ ላይ የሚያምረው፣ “ተዋጊ ዓሣ” የሚሉት። አቋሜን ቀድሜ ልናገር፦ ደጋ ላይ ውኃ ማሞቂያ ሳይኖር ቤታ ማስቀመጥ ማርባት አይደለም፤ ቀስ ብሎ መግደል ነው። “ይሄ ዓሣ ምንም አይፈልግም” ብሎ የሚሸጥም፣ አምኖ የሚገዛም ከደሙ ነፃ አይደለም።

እኔም አድርጌዋለሁና ከራሴ ልጀምር። ዓሣውን የገዛሁት አዲስ አበባ ነው። ሻጩ “ብርጭቆ ውስጥም ይኖራል፣ አታስብ” አለኝ፤ አላሰብኩም። በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ጭኔ ላይ ሆኖ አብሮኝ በአውቶቡስ መጣ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርደን አባይ ድልድይ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬቱን አወለቀ፤ ዓሣው ደግሞ ክንፉን ዘርግቶ መዋኘት ጀመረ። “ጎጃም መድረሱን አውቆ ነው” ብዬ ቀለድኩ። አሁን ሳስበው፣ ከመንገዱ ሁሉ ለእሱ የሚሆን አየር የነበረው እዚያ ሸለቆ ውስጥ ብቻ ነው። የአባይ በረሃ ግርጌ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች። ደጀንን ስንወጣ ክንፉን አጠፈ። ዳግመኛ እንደዚያ ዘርግቶት አላየሁም።

ወሩ ኅዳር ነበር። ዓሣው ከብርጭቆው ሥር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ አይንቀሳቀስም። የቤት አከራዬ አንድ ቀን ቡና ሊጠሩኝ ገብተው አዩትና፣ “ልጄ፣ ይኼ ፍጡር በርዶታል እኮ” አሉኝ።

“አይ እትዬ፣ እሱ ጠባዩ ነው፤ ጨዋ ነው” አልኳቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ስለ ዓሣ አንድ ገጽ ያላነበቡት እትዬ ያዩትን፣ ሃያ ቪዲዮ ያየሁት እኔ አላየሁትም። እሳቸው ያዩት ፍጡር ነው፤ እኔ ያየሁት ጌጥ ነው።

እስኪ “ምንም አይፈልግም” የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ እንይ። ቤታ ከስንጥቡ ሌላ ከውኃው በላይ ያለውን አየር የሚስብበት ልዩ አካል አለው። ለዚህ ነው ኦክስጅን ባነሰበት ውኃ ውስጥ ሌላው ዓሣ ሲሞት እሱ የሚቆየው። ሰው ይህን አይቶ “ቆሻሻ ውኃ ይወዳል፣ ጠባብ ቦታ ይበቃዋል” አለ። መቻልና መውደድ ግን ለየቅል ናቸው። የትውልድ ቦታው የታይላንድ ረግረግና የሩዝ ማሳ ነው። ውኃው ጥልቅ ባይሆንም ሰፊ ነው፤ ሣር አለው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞቃት ነው። ታይላንድ በ2011 ዓ.ም ብሔራዊ የውኃ እንስሳዬ ብላ ሰይማዋለች። እኛ የሻይ ብርጭቆ ሰጠነው።

የዓሣ ሰውነት ራሱን አያሞቅም፤ ውኃው የሆነውን ይሆናል። ቤታ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። የማርቆስ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ቤት ውስጥ ያደረ ብርጭቆም አብሮ ይበርዳል። ውኃው ሲበርድ የበላው አይፈጭም፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይደክማል፣ እንቅስቃሴው ይቆማል። እኛ ያንን “ጨዋ” እንለዋለን። ዝም ያለ ሁሉ ደልቶት ዝም ያለ ይመስለናል፤ ይህ ልማዳችን ዓሣ ላይ ብቻ ቢሆን እንኳ ጥሩ ነበር።

“እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ?” ለሚል ነገሩ ሮኬት ሳይንስ አይደለም። ቢያንስ 20 ሊትር የሚይዝ መስታወት። ራሱ የሚበራና የሚጠፋ 50 ዋት ገደማ የሆነ ማሞቂያ፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ ውኃውን የማያናውጥ የስፖንጅ ማጣሪያ። ክዳን ደግሞ የግድ ነው፤ አንደኛ ቤታ ይዘላል፤ ሁለተኛ የሚተነፍሰው ከውኃው በላይ ያለውን አየር ስለሆነ እሱም መሞቅ አለበት። ሁለት ወንድ አንድ ላይ አይደረግም፤ ይጨራረሳሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ትዕግሥት ነው። የዓሣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ማጣሪያው ላይ የሚያድሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ናይትሬት ይቀይሩታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ ውኃው ከቀዘቀዘ ደግሞ ይዘገያሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ዓሣው። ለእናቶቻችን ልጆች ይሄ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም፤ እርሾ ማለት ነው። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይቦካ፣ ውኃም ያለ ባክቴሪያ አይኖርም። የቆየ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ከማጣሪያው ቁራጭ ስፖንጅ ለምኑ፤ ጎረቤት እርሾ እንደሚበደር ማለት ነው። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አትጠቡት፤ ክሎሪኑ የደከማችሁበትን ይጨርሰዋል። ከገንዳው በቀዳችሁት ውኃ ብቻ አለቅልቁት።

በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውኃ መቀየር ነው። ክሎሪኑ እንዲተን አፉ በተከፈተ ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድሩት፤ ሙቀቱን ከገንዳው ጋር አስተካክላችሁ ጨምሩ። ውኃ ቀድቶ ማሳደር ለኛ መቼም ብርቅ አይደለም። ምግቡ በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ነው፤ የዳቦ ፍርፋሪ አይደለም።

“መብራት ሲጠፋስ?” ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ብርጭቆውን የሚያስጥል ነው። ሁለት ሊትር ውኃ ቶሎ ይበርዳል፤ 20 ሊትር ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። መብራት ሲሄድ ገንዳውን በጋቢ ጠቅልሉት፤ ከቆየ ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ አንሳፉበት። ሰፈራችሁ ቀናት ሙሉ መብራት የሚጠፋበት ከሆነ ግን መልሱ አጭር ነው፦ አትግዙ።

“ገንዘብ የለም፣ ኑሮ ውድ ነው” የሚለኝም አለ። ልክ ነው። እኔም ግዙ አላልኩም። የምቃወመው ግማሹን ገዝቶ ግማሹን በዓሣው ዕዳ መክፈልን ነው። ዓሣው ርካሽ የሆነው ቤቱን ቀንሰው ስለሚሸጡት ነው። በሬ ገዝቶ “መኖ ውድ ነው” የሚል ጎጃሜ ጎረቤቱ ምን እንደሚለው ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ሌላ ነው፦ “አገር እንዲህ ሆና አንተ ስለ ዓሣ?” አልሸሸውም። ከእጃችን ውጭ የሆነ መከራ ብዙ ነው፤ ብዙዎቻችን የማናዝዝበት ነገር ሲያልፍብን ቆይቷል። መስኮቴ ላይ ያለው ብርጭቆ ግን ሙሉ በሙሉ በእጄ ነው። እዚያ አዛዡ እኔ ነኝ። የምችለውን ሳላደርግ ከማይሰሙኝ ምሕረት ብጠብቅ አፌን ሞልቼ መናገር ያቅተኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሰለቻችሁን ዓሣም ሆነ የገንዳ ተክል ጨሞጋ ወንዝ ላይ “ነፃ ላውጣው” ብላችሁ እንዳትጥሉ። ቤታው እዚያ ብርድ ይገድለዋል፤ ብርድ የሚችል ሌላ ዓሣ ወይም ተክል ግን ሊራባና በሽታ ሊያዛምት ይችላል። የጨሞጋ ውኃ ደግሞ አባይ ይገባል። ጣና ላይ ያለውን እምቦጭ አትርሱ፤ ዓለምን ያዳረሰው መጀመሪያ አበባው አምሮ ሰው ለጌጥ ስለወሰደው ነው። ጣና ደግሞ ሌላ የትም የማይገኙ የራሱ ዓሦች ያሉት ሐይቅ ነው።

እኔ ሁለተኛ ዓሣ የገዛሁት ከዓመት በኋላ ነው። ገንዳው ስድስት ሳምንት ባዶውን ሲሠራ እትዬ “ውኃ ነው እንዴ የምትቀልበው?” እያሉ ሳቁብኝ። ዓሣው ከገባ በኋላ አንድ ማለዳ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩት። ክንፉን ዘርግቶ ከመስታወቱ ጋር ይሟገታል፤ ጣታቸውን ሲያስጠጉ ሊነክስ መጣ።

“ይኼስ ጨዋ አይደለም” አሉኝ።

አይደለም። ሞቆታል።