ፋብሪካው የእኛ፣ ቁልፉ የሰው

ዛሬ የምጽፈው በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለች አንዲት ሳጥን ነው። «ይሄ የኤሌክትሪሻኖች ጉዳይ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። ስለ ዶላር እጥረትና ስለ ሥራ አጥነት የምታወሩ ከሆነ ጉዳዩ የእናንተም ነው።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ዘገባ ከአዲስ አበባ ወጣ ወዳለ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለምና። ስደርስ ማሽኑ ከቆመ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ሠራተኞቹ ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። የጥገና ክፍሉን ልጅ ምን እንደተፈጠረ ጠየቅሁት።

«ወንድሜ፣ ማሽኑ ይነሳና መሀል ላይ ይቆማል። የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው፤ ምን እንደሚጠብቅ ግን አናውቅም። የትኛው ሽቦ ከየት መጥቶ የት እንደሚገባ የሚያሳይ ወረቀት አልተሰጠንም። ፕሮግራሙም በፓስወርድ ተቆልፏል። ባለሙያው ከውጭ እስኪመጣ ነው የምንጠብቀው።»

ባለሙያው በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ። ላፕቶፑን ሰካ፣ ማሽኑ የሚጠብቀውን የሴንሰር ቁጥር አየ፣ ሽቦውን ተከትሎ ሄደ። ብሎኑ በንዝረት ላልቶ ነበር። በካቻቪቴ አጠበቀው። አለቀ! የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ሆቴሉ፣ የቀን አበሉ በዶላር ተከፈለ። ላፕቶፑን ይዞ ተመለሰ፤ ዕውቀቱም አብሮት ሄደ።

ሳጥኗ ፒኤልሲ ትባላለች። የማሽኑ አእምሮ ናት። አእምሮ ግን ብቻውን አያይም፣ አይዳስስም። ስለዚህ ዳርና ዳሯ ላይ ቁጥር የተሰጣቸው የሽቦ ማሰሪያዎች አሏት። ኢንፑት በሚባሉት በኩል ሴንሰሮችና በተኖች ወሬ ያመጡላታል፦ ጠርሙሱ ደርሷል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ግፊቱ ይህን ያህል ነው። አውትፑት በሚባሉት በኩል ለሞተሩና ለቫልቩ ትእዛዝ ትሰጣለች።

አብዛኛውን ጊዜ ወሬው በ24 ቮልት የሚመጣ «አለ» ወይም «የለም» ነው። መጠን የሚለካ ሴንሰር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር በሆነ ጅረት ይናገራል። ከ0 እስከ 10 ባር የሚለካ የግፊት ሴንሰር ብንወስድ፣ 4 ሚሊአምፔር ሲልክ ግፊቱ ዜሮ ነው፤ 12 ሲልክ 5 ባር ነው። ከዜሮ ያልተጀመረው በምክንያት ነው። ጅረቱ ጨርሶ ከጠፋ «ግፊት የለም» ማለት ሳይሆን «ሽቦው ተበጥሷል ወይም ሴንሰሩ ሞቷል» ማለት ነው። አያችሁ? አሠራሩ የተቀየሰው ብልሽቱን ራሱ እንዲናገር ሆኖ ነው። ቴስተር የያዘ ልጅ በደቂቃዎች ሊደርስበት ይችላል። የሚያስፈልገው የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚገልጽ ዝርዝር ነው። ጥቂት ገጽ ወረቀት!

ታሪኩ ደግሞ የበለጠ ያስቆጫል። በ1968 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ሞተርስ የመኪና ሞዴል በተቀየረ ቁጥር በሪሌይ የተሞሉ ትልልቅ ሳጥኖችን ሽቦ እንደገና መዘርጋት ሰልችቶት ምትክ ፈለገ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹ ሞዲኮን 084 የተባለውን ሠሩ። ፕሮግራሙ ኤሌክትሪሻኖች ከሚያውቁት የሪሌይ ሥዕል ጋር እንዲመሳሰል የተደረገው የፋብሪካው ሰው ራሱ አንብቦ ራሱ እንዲያስተካክለው ነው። ለፋብሪካው ሰው ተብሎ የተወለደው መሣሪያ እኛ ዘንድ ሲደርስ የፋብሪካው ሰው እንዳይነካው ተቆልፎ ይመጣል። እኛም ፈርመን እንረከበዋለን።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የማሽን መከላከያ በር ሴንሰር በሩ ሲዘጋ ጅረት እንዲያሳልፍ፣ ሲከፈት ወይም ሽቦው ሲበጠስ ደግሞ እንዲያቋርጥ ተደርጎ ነው የሚታሰረው። ጅረቱ ሲቋረጥ ማሽኑ ይቆማል። አሁን ወረቀት የሌለውን፣ አለቃው «አስነሳው!» እያለ የሚጮህበትን ቴክኒሽያን አስቡት። ምን ያደርጋል? ሁለቱን ጫፎች በቁራጭ ሽቦ ያገናኛቸዋል። ሳጥኗ በሩ ተከፍቶ ሳለ «ተዘግቷል» ተብላ ተዋሸች። ማሽኑ ተነሳ፣ አለቃው ተደሰተ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕዳ የሚከፈለው በዶላር ሳይሆን በሠራተኛ ጣት ነው።

«ፕሮግራሙ የአምራቹ የአእምሮ ንብረት ነው» የሚሉ አሉ። ይሁን። የማሽኑን ንድፍ ስጡን፣ ገልብጠን እንሽጥ አላልንም። ሽቦ ቁጥር 14 ከየትኛው ሴንሰር እንደሚመጣ ማወቅ ግን የማንም የንግድ ምስጢር አይደለም። ፕሮግራሙን መቀየር ቢከለከል እንኳ መግቢያና መውጫውን በስክሪን ማየት የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

«ልጆቹ ከነካኩት ያበላሹታል» የሚሉም አሉ። ይሄኛው ያናድደኛል። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲና ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የምናስመርቃቸው ለምንድን ነው ታዲያ? ሥዕል ነፍጎ፣ ሥልጠና ነፍጎ «አይችሉም» ማለት እጅ አስሮ «ለምን አትዋኝም?» እንደማለት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ሻጩ ላይ ማላከክም አይገባም። ወረቀቱ ተሰጥቶ በሥራ አስኪያጁ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈበት ቤትም አለ። ጥገና ሲደረግ ሽቦ ተቀይሮ ሥዕሉ ላይ ያልተጻፈበት ቤትም አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሥዕሉ ሌላ፣ ሳጥኑ ሌላ ይሆናሉ።

«ኢትዮጵያ ታምርት» የተባለው ንቅናቄ ከተጀመረበት ከ2014 ወዲህ ሪባን ሲቆረጥ ብዙ አይተናል። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ በብር ስንት እንደሚያወጣ ባለፋብሪካዎች ያውቁታል። ስለዚህ የምለው ቀላል ነው። ማሽን የሚገዛ ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቁ በፊት አራት ነገር ይረከብ፦

1. የእያንዳንዱ ኢንፑትና አውትፑት ዝርዝር፣ ቁጥሩ ሽቦው ላይ ካለው ጋር በቦታው ተመሳክሮ።
2. የተሟላ የሽቦ ሥዕል፣ አንድ ቅጂ ከሳጥኑ በር ጀርባ የሚቀመጥ።
3. የፕሮግራሙ ቅጂና ፓስወርድ። ሻጩ የዋስትና ጊዜው እስኪያልቅ ይቆየኝ ካለ የሚሰጥበት ቀን ውሉ ላይ ይጻፍ።
4. ማሽኑ ሲተከል ቆመው የሚያዩ፣ የሚጠይቁ፣ የሚነኩ የራሳችን ቴክኒሽያኖች።

ባንኮችም ለማሽን ሲያበድሩ ይህን ይጠይቁ። የቆመ ማሽን ብድር አይመልስምና።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገሬ ሰው። ግድግዳው በእኛ ሲሚንቶ ተሠርቶ፣ ዕዳው በእኛ ስም ተጽፎ፣ አንዲት የላላች ብሎን ለማጥበቅ አሥራ ሁለት ቀን የምንጠብቅበት ፋብሪካ የእኛ ነው ማለት ይከብደኛል።

በፋብሪካ የምትሠሩ ወገኖች፣ እናንተ ጋ ሥዕሉ አለ? የት ነው የተቀመጠው? ጻፉልኝ።

ቸር እንሰንብት።