ጆሮውን ማን ፈተነው?

ከሙዚቃ ትምህርት ክፍል የሚመረቅ ተማሪ የሰማውን ይለያል ይባላል። የለየውን በኖታ ይጽፋል፤ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አዲስ ሥራ ይደርሳል ይባላል። መልካም። ይህን ማን አረጋገጠ? በምን መዘነው? ውጤቱስ የት ይታያል?

ከጆሮ እንጀምር። ፈተናው የታወቀ ነው። መምህሩ አጭር ዜማ በፒያኖ ይጫወታል፤ ይደግማል፤ ተማሪው ይጽፋል፤ ወረቀቱ ይሰበሰባል። ልምምዱ የሚናቅ አይደለም። ግን ፒያኖ ኦክታቭን በ12 እኩል ግማሽ ድምፅ ከፍሎ የተቃኘ መሣሪያ ነው። ማሲንቆ እንዲህ አልተከፈለም፤ ተጫዋቹ ድምፁን የሚያገኘው በጣቱና በጆሮው ነው። ክራርም የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲስማማ ነው። በፒያኖ ብቻ የተፈተነ ጆሮ፣ ማሲንቆው በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ሲያርፍ ምን ይጽፋል? እንደ ስህተት ያርመዋል? ወይስ ጨርሶ አይሰማውም? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብሎ አራቱን ቅኝቶች የሚዘረዝር ተማሪ ሞልቷል። ያለ መሣሪያ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ በድምፁ የሚሻገረውስ ስንቱ ነው? ተጠይቆ ያውቃል?

ወደ ኖታ እንለፍ። ዛሬ ተማሪው በኮምፒዩተር ይጽፋል፤ የጻፈውን ኮምፒዩተሩ መልሶ ያሰማዋል። ታዲያ ከመጻፉ በፊት በውስጡ ሰምቶታል? ወይስ እየነካካ ደስ ያለውን አስቀረ? ገጹ ንጹሕ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ ብቻ ማርክ ይሰጣል? ለረጅም ዓመታት ሙዚቀኞች ሲጽፉበት የኖሩት ፊናሌ የተባለው ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. እንደማይቀጥል ተነገረ። ትምህርቱ የፕሮግራሙን ቁልፎች መጫን ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ሲቀር ለተማሪው ምን ይተርፈዋል?

ደግሞስ ዜማን በጽሑፍ ማስቀመጥ ለዚህ አገር እንግዳ ነው? የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይዜማል። የዜማውን ምልክት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ከእነዚህ ጋር ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ፊደላት አሉ። ይህ ምልክት የሚያገለግለው ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ የተቀበለውን ሰው ነው፤ ጆሮ ይቀድማል፣ ጽሑፍ ይከተላል። ይህ ሥርዓት በዩኒቨርሲቲ የኖታ ትምህርት ውስጥ ቦታው የት ነው? በታሪክ ምዕራፍ ውስጥ ተጠቅሶ የሚታለፍ ብቻ ነው? አንዱን ዜማ በምልክትም በኖታም አስጽፎ፣ ይህኛው ምን ያዘ፣ ያኛው ምን ጣለ ብሎ የሚያከራክር ክፍል አለ? ካለ፣ ተማሪዎቹ የጻፉት ወረቀት ለምን አይታይም?

አሁን ወደ ቡድን ድርሰት። አራት ልጆች ይመደባሉ። ሳምንታት ያልፋሉ። ማስረከቢያው ሲደርስ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ዶርም ውስጥ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድራል። ጠዋት ሥራው አራት ስም ተጽፎበት ይገባል፤ አራቱም እኩል ማርክ ያገኛሉ። ዜማው የማን ነው? ባሱን ማን ጻፈው? የትኛው ሐሳብ ቀርቦ ወደቀ? ማንስ ተከራከረለት? ከአራቱ አንዱ ተነሥቶ የጓደኛውን ክፍል በድምፁ እንዲያሰማ ተጠይቋል? ካልተጠየቀ፣ የተመዘነው አብሮ መድረስ ነው ወይስ አብሮ መፈረም?

ይህ የሚያስቆጨው ምሳሌው በደጃችን ስላለ ነው። በደራሼዎች የዋሽንት ጨዋታ፣ በፊላ፣ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድርሻ ይዞ ይቆማል፤ ዜማው የሚሟላው ሁሉም በየተራቸው በትክክል ሲገቡ ነው። የበርታዎች የመለከት ጨዋታ፣ ዋዛም፣ እንደዚሁ ነው። አንዱ ቢቀር ጎዶሎው ወዲያው ይሰማል፤ የሰነፈው በጎበዙ ጀርባ አይደበቅም። ዶርዜዎች ብዙ ድምፅ ደራርበው ሲያዜሙ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ የሌላውን ይሰማል። ይህ ሁሉ ባለበት አገር፣ የቡድን ድርሰት ትምህርት ስለ ምን ማርክ ማከፋፈያ ሆኖ ይቀራል?

በጀት የለም ይባላል። ፒያኖ አይበቃም፣ መለማመጃ ክፍል ጠባብ ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው ይባላል። ይሁን፤ የመሣሪያ እጥረት እውነተኛ ችግር ነው። ግን ተማሪ የጓደኛውን ክፍል እንዲያዜም ማድረግ ስንት ብር ይፈጃል? ከመጨረሻው ገጽ ጋር የመጀመሪያዎቹ ረቂቆች እንዲቀርቡ ማዘዝስ? አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጠርቶ የጆሮ ፈተናውን በእርሱ ማካሄድ ከየትኛው አቅም በላይ ነው? ወይስ ችግሩ ከበጀት ይልቅ፣ እንዲህ ቢፈተን የሚገለጠውን ለማየት አለመፈለግ ነው?

ወጣቱ ዕድሜውን፣ ቤተሰቡ ተስፋውን ሰጥቷል። ስለዚህ ከሚቀጥለው ምረቃ በፊት ተመራቂው ማሲንቆ ሰምቶ ይጻፍ፤ የጻፈውን ያዚም፤ ለቡድኑ ድርሰት ያዋጣውን ክፍል ለብቻው ያሰማ። ታዳሚ ባለበት፣ በግልጽ። ይህን ፈተና ማን ያዘጋጃል? አይሆንም የሚል ካለስ ምክንያቱ ምንድን ነው?