እግርን አይቶ በልብ ላይ መፍረድ

ሰውን በአያያዙና በአካሄዱ መመዘን የቆየ ልማዳችን ነው። «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» የምንለውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ደረቱን ነፍቶ የሚራመደው «ኩራተኛ»፣ እግሩን የሚጎትተው «ሰነፍ»፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው «ጨዋ» ይባላል። ለልጆቻችን የትዳር ጓደኛ ስናጠያይቅ እንኳ «አረማመዷ አላማረኝም» የሚል አይጠፋም። በረመዳን ደግሞ ልማዱ እስከ መስጊድ ይከተለናል፤ ወደ ተራዊህ ሲሄድ ከቤተሰቡ ኋላ የቀረውን ወጣት «ኢማኑ ቀዝቅዟል» ለማለት አፍታም አይፈጅብን።

ለመሆኑ አረማመድ ባሕርይን ይናገራል? የእንግሊዙ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትሸው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። የተራማጆቹ ፊትና ልብስ ሳይታይ፣ እንቅስቃሴያቸው ብቻ በነጥቦች ተቀርጾ ለተመልካቾች ቀረበ። ተመልካቾቹ ስለ ተራማጆቹ ባሕርይ በሰጡት ግምት እርስ በርስ በጣም ተስማሙ። ግምታቸው ግን ተራማጆቹ ስለ ራሳቸው ከሰጡት መልስ ጋር አልገጠመም። ስለዚህ የሰፈር ሰው ሁሉ ስለ አንድ ሰው አንድ ቃል ቢናገር፣ ያ ቃል እውነት ነው ማለት አይደለም።

አረማመድ ምንም አይናገርም ማለታችን ግን አይደለም። በድባቴ የተያዘ ሰው ቀስ ብሎ እንደሚራመድ፣ እጆቹን ብዙም እንደማያወዛውዝና እንደሚጎብጥ ጥናቶች አሳይተዋል። የፓርኪንሰን ሕመም እርምጃን ያሳጥራል፤ እግርንም ያስጎትታል። እንግዲህ «ስንፍና» ያልነው ሐዘን ወይም ሕመም ሊሆን ይችላል። በፍርዳችን የታመመ ሰው ላይ ስም ጨመርንበት እንጂ አልረዳነውም።

ዲናችንም ስለ አረማመድ ዝም አላለም። ቁርኣን በሱረቱ ሉቅማን አባት ልጁን በአካሄዱ ልከኛ እንዲሆን ሲመክር ያሳየናል፤ በሱረቱል ፉርቃንም የአር-ራሕማን ባሮች በምድር ላይ በትሕትና የሚሄዱ መሆናቸውን ይነግረናል። ነገር ግን ትእዛዙ የወረደው ለማን እንደሆነ ልብ እንበል። ትሑት ሁን የተባለው ተራማጁ ነው። ለተመልካቹ የተሰጠው ትእዛዝ በሱረቱል ሑጁራት ይገኛል፤ እሱም ከጥርጣሬ መራቅ ነው። እኛ የራሳችንን ድርሻ ትተን የሌላውን እርምጃ ስንቆጥር ሁለቱንም እናጣለን።

ያ ወደ ኋላ የቀረው ወጣትስ? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ኢቃማ የሰማ ሰው ወደ ሶላት እየሮጠ ሳይሆን በእርጋታ እንዲመጣ፣ የደረሰበትን ሰግዶ ያመለጠውን እንዲሞላ አስተምረዋል። ስለዚህ ምናልባት ሱናውን የያዘው እሱ ነው። በሌላ በኩል በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ሙስሊሞች ለዑምራ መካ ሲገቡ፣ ቁረይሾች የመዲና ትኩሳት አድክሟቸዋል ብለው ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በጠዋፉ የመጀመሪያዎቹ 3 ዙሮች ሶምሶማ እንዲሉ ሶሓቦቻቸውን አዘዙ። አንዱ እርምጃ በእርጋታው፣ ሌላው በፍጥነቱ ዒባዳ ሆነ። የሚለያያቸው ሁኔታውና ኒያው ነው፤ ኒያ ደግሞ ከመንገድ ዳር ቆሞ ለሚያይ አይታይም።

እናትና አባት የልጃቸውን አረማመድ አይዩ አንልም። ትናንት እየዘለለ ይገባ የነበረ ልጅ ዛሬ እግሩን እየጎተተ ከገባ ማየት ይገባል። ያዩትን ግን በእንግዳ ፊት «ይሄ ሰነፍ» ብሎ ከመናገር፣ ከኢፍጧር በኋላ ለብቻው ጠርቶ «ልጄ፣ ምን ሆነሃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በጾም ከረሃብና ከጥም ጋር ምላስንም መጠበቅ ታዘናል። የሰው እርምጃ ላይ የምንለጥፈው ስምም ከምላስ የሚወጣ ነው።