ማሽኑ በዚያ ቀን የማን ነበር?

ባለፈው ክረምት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ጫማዬን ሳጠልቅ አንድ የሰፈራችን አባወራ ልጁን አስከትሎ መጣ። ልጅቷ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪ ናት። ሦስተኛ ዓመቷን ጨርሳ ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ፣ እነሱ ኢንተርንሺፕ የሚሉት፣ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ተመድባለች። ገና አንድ ሳምንቷ ነበር። የተናገረው አባትየው ነው። "ሸይኽ፣ ብድር ክፍል አስቀምጠው ወለድ ያስጽፏታል። ትውጣ ወይስ ትቆይ?" አለኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

እኔም አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ እንዳስገባሁ "ትውጣ" አልኩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሪባን ከሚበላውና ከሚያበላው ጋር ጸሐፊውንና ምስክሮቹንም መርገማቸው በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበ ነው። ሌላ ምን ይባላል ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሐዲሱን ተጠራጥሬ አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ። ያስጨነቀኝ ልጅቷን አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቅ መፍረዴ ነው። የምትጽፈው ምንድን ነው? የሚዋዋለው ማን ነው? እዚያው ባንክ ውስጥ ሌላ የምትሠራበት ጠረጴዛ የለም? ብትወጣስ ምን ይደርስባታል? አንድም አላውቅም። ሐኪም እንኳ ሳይዳብስ መድኃኒት አያዝም። በማግስቱ ልጅ ልኬ አስጠራኋቸውና ቁጭ ብለን ተነጋገርን።

ለካ ያለቁ ብድሮችን የክፍያ ሰንጠረዥ ለመለማመጃ እየገለበጠች ስሌቱን እንድታጣራ ነው የሰጧት። አትፈርምም፣ አታዋውልም፣ ደመወዝም የላትም፤ ታክሲዋን የሚከፍለው አባቷ ነው። ልምምዱን ካልጨረሰች ደግሞ አትመረቅም። ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሸይኽ፣ ሐዲሱ ላይ ያለው ጸሐፊ እኔ ነኝ?" አለችኝ። የሃያ ዓመት ልጅ ይህን ጥያቄ ሳምንት ሙሉ ይዛ ነው ያደረችው።

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ሐዲሱ ላይ ያለው ጸሐፊ ውሉ በእጁ የሚቆም ሰው ነው። ያለቀ ሂሳብ እየመረመረ አሠራሩን የሚማር ተማሪ ከእሱ ጋር አንድ አይደለም። ከእኔ ይበልጥ የሚጠብቁ ዑለሞች አሉ፤ ቃላቸውን አከብራለሁ። እኔም ብሆን ብድር ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወር ትቀመጥ አላልኩም፤ እጅ የለመደውን ልብ ቀስ በቀስ መጥላት ያቆማል። "ልጄ፣ ሥራ አስኪያጁን ከወለድ ነፃ ወደሚሠራው ክፍል እንዲያዛውርሽ በአደብ ጠይቂው" አልኳት። ጠየቀች፤ በዚያው ቀን አዛወራት። "እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ተማሪ የለም" ነው ያላት።

ይህች ንግግር እስካሁን ትከነክነኛለች። በዚያ ቅርንጫፍ ያለፉት የእኛ ልጆች ግማሾቹ ትተው ሄደዋል፣ ግማሾቹ ደግሞ ውጠው ዝም ብለዋል ማለት ነው። በር መኖሩን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከእኛ ከኢማሞቹም ጭምር ማለቴ ነው።

በሩ ደግሞ በቀላሉ የተከፈተ አይደለም። የእኔ ትውልድ ነጋዴ ወይ ገንዘቡን ቤቱ ያስቀምጣል፣ ወይ ባንክ አስገብቶ ወለዱን አልፈልግም ይላል። በእኛ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ ነው መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ የተፈቀደው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ለማየት ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሥራ እስከጀመረበት እስከ 2013 ዓ.ም. ጠብቀናል፤ ሒጅራ ባንክም ተከተለው።

ልጅቷ አዲሱ ክፍል ገብታ መጀመሪያ ያየችው ሙራበሓን ነው። አንድ ልብስ ሰፊ 600 ሺሕ ብር የሚያወጡ የስፌት ማሽኖች ይፈልጋል እንበል። ባንኩ ገንዘቡን አያበድረውም። ማሽኖቹን ራሱ ከአስመጪው ይገዛና፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን በግልጽ ነግሮ በዱቤ ይሸጥለታል። ትርፉ 90 ሺሕ ቢሆን ሰውየው 690 ሺሕ ብሩን በ24 ወር፣ በየወሩ 28,750 ብር ይከፍላል። ቢዘገይ ዋጋው አይጨምርም።

ልጅቷ ሰንጠረዡን አይታ "ሸይኽ፣ ብድር ክፍል ከነበረው ጋር ቁጥሩ ይመሳሰላል፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?" ብላ መጣች። ይህን ጥያቄ በማንሣቷ አባቷ ደነገጠ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ንግድ እኮ እንደ ሪባ ነው የሚሉ ሰዎች በቁርኣን ውስጥ፣ በሱረቱል በቀራ፣ ተጠቅሰዋል፤ መልሱም እዚያው አለ፤ አላህ ንግድን ፈቅዷል፣ ሪባን ከልክሏል። ሁለቱን በዓይን የሚለያቸው ግን ቁጥሩ አይደለም። ባንኩ ማሽኖቹን ከገዛበት እስከ ሸጠበት ያለችው ጊዜ ናት፣ አንድ ቀንም ትሁን አንድ ሰዓት። በዚያች ጊዜ መጋዘኑ ቢቃጠል የሚከስረው ባንኩ ነው። ትርፉን ሐላል የምታደርገው ይህች ኃላፊነት ናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐኪም ኢብኑ ሒዛምን የሌለህን ነገር አትሽጥ ያሉት ለዚህ ነው። ኢማሙ ሻፊዒም "አል-ኡም" በተባለው ኪታባቸው ይህን ዕቃ ግዛና አትርፌ እገዛሃለሁ ያለ ሰው ጉዳይ አንሥተዋል። ሽያጩን የፈቀዱት ዕቃው ከተገዛ በኋላ ሰውየው የመውሰድም የመተውም ምርጫ ካለው ነው፤ ገና ሳይገዛ ከተገደደ ግን አልተቀበሉትም።

ይህን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና ሄደች። በሳምንቱ ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነው። መዝገቦቹን ስታስተካክል የአንድ ደንበኛ የሽያጭ ውል ባንኩ ዕቃውን ከተረከበበት ቀን ሦስት ቀን ቀድሞ ተፈርሞ አገኘችው። "ሸይኽ፣ በዚያ ቀን ማሽኑ የማን ነበር?" አለችኝ።

የአስመጪው ነበር። ባንኩ የሌለውን ሸጧል።

የክፍሉን ሠራተኛ ስትጠይቀው ክፉ መልስ አልመለሰላትም። "ደንበኛው ሁለት ጊዜ እንዳይመላለስ ብለን ነው፤ ሁሉንም ባንድ ቀን እናስፈርመዋለን" አላት። ለእሱ ይህ ደግነት ነው። እሷ ግን የልምምድ ማስታወሻዋ ላይ ያየችውን ጻፈች። የግምገማ ቅጽዋን የሚሞላው ያው ሰው መሆኑን እያወቀች ነው የጻፈችው። እኔ ጻፊ አላልኳትም፤ እውነቱን ለመናገር ቢጠይቁኝ ኖሮ ቅጹ እስኪፈረም ቆዪ ሳልላት አልቀርም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ማስታወሻውን አንብቦ ውሉ እንዲቀደድ፣ ደንበኛው ተጠርቶ እንደገና እንዲዋዋል አዘዘ።

ደንበኛውን ማን ሆኖ አገኘሁት? ከኋላዬ የሚሰግድ፣ በየረመዳኑ ኢፍጣር የሚያበላ፣ እኔ የማከብረው ነጋዴ። ከጁምዓ በኋላ ያዘኝና "ሸይኽ፣ አንዲት ሕፃን ሥራ አስፈታችኝ። ሐላል ነው ብላችሁኝ ገባሁ፣ ደግሞ ለወረቀት ታመላልሱኛላችሁ?" አለኝ። ባንኩን የሚያጣድፈው እኛው ራሳችን ነን ለካ። ጽሑፉ ሐላል ይበል፣ ሒደቱ ግን እንደ ብድር ይፍጠን ነው ጥያቄያችን። ሰውየውን ቁጭ አድርጌ ለልጅቷ ያስረዳሁትን አስረዳሁት። ግማሽ ልቡን ነው የሰጠኝ።

እዚህ ላይ የራሴንም ጉድለት ልናገር። ወሎ ውስጥ ደረሳ ሳለሁ የኢማም ነወዊን "ሚንሃጅ" ነው የተማርኩት። የመጀመሪያው ሩብ የዒባዳ ነው፤ ውዱእ፣ ሶላት፣ ዘካ፣ ጾም፣ ሐጅ። ቀጥሎ የንግድ ሩብ አለ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ሩብ ደጋግመን ተምረን፣ ሁለተኛውን ላይ ላዩን አልፈን ኢማም ሆነናል። ጾም የሚያፈርሰውን ሁሉ ማንም ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሰኝ እቆጥራለሁ፤ የርክክብ ሰነድ ምን እንደሚመስል ግን ያየሁት በአምሳ ዓመቴ፣ አንዲት ተማሪ አሳይታኝ ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ዕዳ መጻፍ መሆኑን ስንት ጊዜ ለሰዉ ተናግሬያለሁ። የምጽፈው ውል አጋጥሞኝ ግን አያውቅም።

ልምምዷን ጨረሰች። የግምገማ ቅጽዋን አይቼዋለሁ፤ በሰዓት ማክበር አምስት ከአምስት፣ በሥራ ዕውቀት አምስት ከአምስት፣ "ከባልደረቦች ጋር ተግባብቶ መሥራት" በሚለው ሦስት ከአምስት። አባቷ ሊከራከር ተነሥቶ ነበር፤ ተወው አለችው።

ረመዳን ከገባ ወዲህ ሦስት ወላጆች ያንኑ ጥያቄ ይዘው መጥተውብኛል። ልጆቻቸው በሚቀጥለው ክረምት ወደ ባንክና ወደ ኢንሹራንስ ይመደባሉ። ዘንድሮ ጫማ በማጥለቅ ላይ ሳለሁ አልመልስም። ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ የንግዱን ሩብ ከፍተን እየተማርን ነው። ልጅቷ ከሴቶቹ በኩል ሆና ስሙ የተሰረዘበትን የውል ቅጽ ታነብልናለች፤ ነጋዴውም ሁለት ቀን መጥቷል። ልጆቻችሁ የምደባ ደብዳቤ ሲደርሳቸው፣ ሥራ ሳይጀምሩ፣ ደብዳቤውን ይዘው ይምጡ፤ የትኛውን ክፍል እንደሚጠይቁ አብረን እናያለን።