ዕድሜው በመዝገብ ያልሰፈረ ወጣት ከባድ ጥፋት ሲፈጽም

ነፍስ ያጠፋ ወይም ሴት ልጅ የደፈረ ጎረምሳ በተያዘ ቁጥር በቀበሌው ስብሰባ፣ በእድሩና በሥራው ቦታ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው «ለመግደል የደረሰ ለገመዱም ደርሷል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ልጅ ነው፤ በሽማግሌ ይለቅ» ይላል። የመጀመሪያው ከተበዳይ ቤተሰብ ሐዘን የሚመነጭ እንደመሆኑ መጠን ሊናቅ አይገባውም፤ ሁለተኛውም ከርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ደም እንዳይመላለስ ከመሥጋት የሚመጣ ነው። ሆኖም ሁለቱም በጩኸታቸው ብዛት አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይሸፍናሉ፤ ይኸውም የልጁ ዕድሜ ስንት ነው፣ የሚታሠረውስ የት ነው የሚለው ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ሕጻን በወንጀል ተጠያቂ አያደርገውም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን በወጣት ጥፋተኝነት ይዳኘዋል፤ ድርጊቱ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ሲሆን ግን ከ1 እስከ 10 ዓመት ተይዞ እንዲታረም ፍርድ ቤቱ ሊወስን ይችላል። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዳኛው ቅጣቱን ለማቅለል ሥልጣን አለው። ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ባልሞላው ላይ የሞት ቅጣት አይፈረድም። እነዚህ የዕድሜ ወሰኖች በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም የነበሩ ናቸው። ያ ሕግ በወጣት ጥፋተኛ ላይ ግርፋትም ይፈቅድ ነበር፤ የ1996ቱ አስቀርቶታል። ግርፋቱ ይመለስ የሚሉ ወገኖች በግርፋቱ ዘመን ወንጀል አለመጥፋቱን ቢያስታውሱ መልካም ነው። ለ14 ዓመት ልጅ 10 ዓመት ማለት እስከዚያች ቀን ከኖረው ዕድሜ ከግማሽ በላይ ነውና «ሕጉ ልል ነው» የሚለው አባባል ሕጉን ሳያነቡ የሚሰጥ ፍርድ ነው።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ሕጉ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሰቆጣ ሲደርስ ነው። በዋግ ኽምራ ደጋ፣ በደሃናም ሆነ በጋዝጊብላ ገጠር፣ እናት የልጇን ዕድሜ ስትቆጥር የኖረችው በክርስትናው ቀን፣ በድርቅና በአዝመራ እንጂ በወረቀት አይደለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለሆነም ዛሬ በ15 እና በ18 ዓመት መካከል የሚገኙት ወጣቶች በሙሉ ምዝገባው ሳይጀመር የተወለዱ ናቸው። ችሎት ፊት የሚቆመው እረኛ 14 ይሁን 16 የሚለየው በሐኪም ግምት፣ በክርስትና አባቱ ቃልና በጎረቤት ምስክርነት ይሆናል። የሐኪሙ ግምት ደግሞ አንድ ሁለት ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል የሚችል ነው። በዚህ ክፍተት የተከሳሽ ወገን ዕድሜውን ዝቅ ለማድረግ፣ የተበዳይ ወገን ከፍ ለማድረግ ይጥራል። እንግዲያስ በልጅና በአዋቂ ቅጣት መካከል ያለውን መሥመር የሚያሠምረው ብዙ ምስክር ማሰለፍ የቻለው ወገን ነው ማለት ነው። ወላጆቹ በረኃብ ወይም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት የተበተኑበት ልጅ ምን ያህል ምስክር እንደሚያሰልፍ መገመት አያስቸግርም።

የሰቆጣ ስም ከሕጻናት ጋር በታላቅ ውል የተሳሰረ ነው። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕጻናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። በዚያ ዓመት የተወለደው ልጅ ዛሬ የ9 ዓመቱን ወሰን አልፏል፤ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። ጡት ሲጠባ የታሰበለት ልጅ ሲጎረምስ የሚታሰብለት በካቴና ብቻ ከሆነ ውሉ ጎደሎ ነው።

የሚታሠርበትስ ቦታ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ወጣት ጥፋተኞች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። ይሁን እንጂ የወጣቶች ጠባይ ማረሚያ ሲባል ለብዙ ዘመን ሲጠራ የኖረው አዲስ አበባ ልደታ የሚገኘው አንድ ተቋም ነው። የዋግ ልጅ እዚያ ቢላክ እናቱ አትጠይቀውም፤ ካልተላከ ደግሞ የሚያድረው አዋቂዎች በሚታሠሩበት ግቢ ነው። ከነፍሰ ገዳይና ከወንበዴ ጋር ዓመታት የከረመ ጎረምሳ ሙያ ተምሮ እንዲወጣ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ስለ ሽምግልና አጭር ቃል ይበቃል። ደም ማድረቅ የሚከበር ባህል ነው፤ ግን ፍርድን ተከትሎ የሚመጣ እንጂ ፍርድን የሚተካ ሊሆን አይገባውም። በተለይ የተደፈረች ልጅ ጉዳይ በወላጆች መካከል በከብት ወይም በገንዘብ ካሣ ሲዘጋ ዕርቁ የአባቶች ነው፤ ልጅቱን የጠየቃት የለም።

የቀበሌ ነዋሪዎች ማኅበራትና ሠራተኛው ሕዝብ ጉልበታቸውን ቅጣት ይክበድ በሚል ጩኸት ከሚያባክኑ ይልቅ በእጃቸው ያለውን ሥራ ይያዙ። በቀበሌው የተወለደ ሕጻን ሁሉ ይመዝገብ። ስለ ተከሳሽ ዕድሜ የሚጠራ ምስክር ለዘመድ ሳይሆን ለእውነት ይቁም። የማረሚያ ተቋም በሰቆጣ ወይም በአቅራቢያዋ እስኪቆም ድረስም በዞኑ ማረሚያ ቤት ለወጣቶቹ የተለየ ክፍል፣ መምህርና የሙያ መሣሪያ መኖሩ እንዲረጋገጥ ማኅበራቱ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ለብሔረሰብ አስተዳደሩ ምክር ቤት ማቅረብ ይችላሉ።