ጎመኑም ይበላ፣ ደሙም ይመርመር



ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርደው የሚመለሱ ወንድሞቻችን ብዙ ናቸው። ከወራት በኋላ ትኩሳት አልለቅ ሲላቸው፣ ጣፊያቸው ሲያብጥ፣ ነስር ሲያስቸግራቸው "ደም አንሶት ነው፤ ጎመንና ጉበት ይብላ፣ ፌጦ ይጠጣ" እንላለን። ምክሩ ከደግ ልብ ነው። ጎመን፣ ምስርና የበሰለ ጉበት ለደም ይረዳሉ። ነገር ግን ደም የሚያረጉት ፕላትሌት የተባሉት ሕዋሶች (በጤናማ ሰው በማይክሮ ሊትር ከ150,000 እስከ 450,000) ያነሱት በካላዛር ወይም በወባ ከሆነ፣ ምግብ ብቻውን አይመልሳቸውም። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ሲነሳ መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር፤ እስኪታወቅ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ።

ስለሆነም የሚነስረው ሰው ዋግምት አይታገም፣ ጣፊያውም አይበጣ፤ ደሙ አልቆም ሊል ይችላልና። አስፕሪንም አይሰጠው። ትኩሳት የያዘው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ቆላ ወርዶ መመለሱንም ለሐኪሙ ይንገር።

የመሳፈሪያ ያጠረው ካለ ጎረቤት ይተባበር። ለቀብር የምናዋጣውን ያህል ለመታከሚያም እናዋጣ እንላለን።